የድሮ ጂፕ ዝናብ መጥረጊያ ዶሮ መዝለያ ላይ ለምን ይቆማል?

በክረምት በድሮ ዊሊስ ጂፕ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሰው የምለው ነገር ወዲያው ይገባዋል። ታች ከተማው ውስጥ ዝናብ መጥረጊያው ደህና ይሠራል። ዶሮ መዝለያ ጋ ዳገቱ ሲጀምር ነዳጅ ትረግጣላችሁ። መጥረጊያው ቀስ ይላል። ትንሽ ጨምራችሁ ስትረግጡ መስታወቱ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከፊት ተሳቢ አለ፣ ጭቃ ይረጫል፣ ጉሙ ወርዷል፣ ምንም አይታያችሁም። እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ መጥረጊያው ነፍስ ይዘራል። አሁን ደግሞ መኪናው ጉልበት ያጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይነቅለዋል። እኔም አጎቴ የተወልኝን ሲጄ-5 ጂፕ ማደስ ስጀምር የሰማሁት የመጀመሪያ ምክር «ጣለውና የኤሌክትሪክ ግጠም» የሚል ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥማ የመስታወቱን ፍሬም ለኤሌክትሪክ ሞተር ሊበሱት መሰርሰሪያ ይዘው ደረስኩባቸው። አስቆምኳቸው። ያ ፍሬም አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ዛሬ ይህ በቫኪዩም የሚሠራ መጥረጊያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን በተለይ እኛ አገር ላይ እንደሚደክምና መልሶ ሲገጠም ምን መደረግ እንዳለበት ልጻፍ። ነገሩ ሲገባችሁ መጥረጊያው ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ መሆኑን ታያላችሁ። የሳሳው አየሩ ነው።

መርፌ የሌለው ባዶ ስሪንጅ ያዙ። ጫፉን በጣታችሁ ዝጉና ዘንጉን ሳቡት። ያስቸግራል አይደል? ስትለቁት ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ማን መለሰው? ውስጡ ያለው ነገር አልሳበውም፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከውጭ ያለው አየር ነው የገፋው። ቫኪዩም የምንለው ነገር ራሱ ጉልበት የለውም፤ የሚገፋው በዙሪያችን ያለው አየር ነው፣ ቫኪዩሙ ቦታ ይለቅለታል እንጂ።

የቤንዚን ሞተር እንደዚሁ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፣ ልክ እንደ ስሪንጁ ዘንግ። ካርቡራቶሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ ያለችው ቢራቢሮ፣ አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋው ሳህን፣ ደግሞ የእናንተ ጣት ናት። እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ቢራቢሮዋ ትዘጋለች፣ ፒስተኖቹ ይስባሉ፣ አየር ግን እንደልቡ አይገባም፤ ስለዚህ ከቢራቢሮዋ በታች ኃይለኛ ቫኪዩም ይፈጠራል። ስትረግጡ ቢራቢሮዋ ትከፈታለች፣ አየሩ ይገባል፣ ቫኪዩሙ ይጠፋል። መጥረጊያው በቀጭን የጎማ ቱቦ የተያያዘው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ዳገት ላይ ለምን እንደሚቆም አሁን ገባችሁ። ሞተሩ ብዙ በሠራ ቁጥር መጥረጊያው የሚያገኘው ያንሳል። እውነት ለመናገር ክፉ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ዝናብና ዳገት እኛ ጋ አብረው ነው የሚመጡት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ተሠራ? ርካሽና ቀላል ስለነበር ነው። ሜሪ አንደርሰን የምትባል አሜሪካዊት በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ የፈጠራ መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። ቦሽ የኤሌክትሪኩን በ1926 አውጥቷል። ግን የዚያ ዘመን መኪና ብዙዎቹ 6 ቮልት ነበሩ፣ ባትሪውም ዳይናሞውም ደካማ ነው፤ በሌላ በኩል የሞተሩ ቫኪዩም በነፃ እዚያው አለ። የአሜሪካው ኩባንያ ትሪኮ በቫኪዩም የሚሠሩ የመጥረጊያ ሞተሮችን በብዛት ሠርቶ ለፎርዱም፣ ለሸቭሮሌውም፣ ለጂፑም አቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ሲጄ-5 ጂፖችም የወጡት በዚሁ ነው። አንድ ጥቅሙን ላንሳ፤ መኪናችሁን ከ6 ወደ 12 ቮልት ብትቀይሩ ይህ ሞተር ግድ የለውም፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፣ ምክንያቱም የአሜሪካን መጽሐፍ ይዞ ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 24 ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚያ 22 ገደማ ነው። ይህ ማለት ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ቆመን የሚገፋን አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

መካኒኮች በጅምላ የሚይዙት ሒሳብ አለ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ቫኪዩም ይቀነሳል። መጽሐፉ «ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ያሳያል» ይላል፤ ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር ነው። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ላይ 8 ገደማ ቀንሱለት። ከ10 እስከ 13 ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ ከ12 እስከ 15። እኔ የቫኪዩም መለኪያውን ጌጅ ሳስገባ መርፌው 12 ላይ ሲቆም ልቤ ወደቀ፣ ሞተሩ አለቀለት ብዬ። አላለቀም። መርፌው ሳይርገበገብ ጸጥ ብሎ ከቆመ፣ ደሴ ላይ 12 መልካም ንባብ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ቫልቩ አይዘጋም» ተብሎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የሚወርድ መኪና እንዳይኖር እፈራለሁ።

ስለዚህ መጥረጊያው ገና ከመነሻው፣ መኪናው ቆሞ እንኳ፣ ከታሰበለት ጉልበት ከግማሽ ትንሽ በላይ ብቻ ነው የሚደርሰው። በዚህ ላይ የሚያፈስ ጎማ፣ የደረቀ ቆዳ፣ የዛገ ዘንግ ሲጨመር መቆሙ አይገርምም። ባሕር ዳርቻ ላይ ይቅርታ የሚደረግለት ትንሽ ጉድለት ደሴ ላይ ይቅርታ የለውም። አዲስ ሲገጠም ሁሉም መጋጠሚያ እንከን የለሽ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የመጥረጊያው ሞተር ራሱ ሲከፈት የሚገርም ቀላል ነገር ነው። ግማሽ ክብ የሆነ የብረት ቤት አለ። ውስጡ እንደ በር የሚወዛወዝ አንድ ክንፍ አለ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ቆዳ ለብሷል። ከላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ቫልቯ በክንፉ አንድ ወገን ቫኪዩም፣ በሌላው ወገን የውጭ አየር ታስገባለች፤ አየሩ ክንፉን ወደ ቫኪዩሙ ይገፋዋል። ክንፉ ጫፍ ሲደርስ ቫልቯን ገልብጦ ያዞራታል። ወገኑ ይቀየራል፣ ክንፉ ይመለሳል። በቃ ይኸው ነው። ሽቦ የለም፣ ካርቦን የለም፣ የሚቃጠል ነገር የለም።

የእኔን የመጥረጊያ ሞተር አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሞቷል መሰለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። ዘንጉን በጣታቸው ግራና ቀኝ አደረጉት፣ ጆሯቸው ጋ አስጠግተው ሰሙት። «አብሽር ልጄ፣ አልሞተም፣ ደርቆ ነው» አሉኝ። ከዚያ ንጹሕ የጎማ ቁራጭ አምጥተው አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሰክተው ሌላውን በአፌ እንድስበው ሰጡኝ። ሳብኩ። ምንም። እሳቸው ከፍተው ካጸዱት በኋላ እንደገና ሳብኩ፣ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ሄደ። ይህች ሙከራ ምንም ገንዘብ አትጠይቅም፣ ከማንኛውም ምርመራ በፊት አድርጓት። ግን አደራ፣ የራሱን የመኪናውን የድሮ ጎማ አፋችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ የቤንዚን ትነትና ቆሻሻ አለበት።

ቆዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። ቆዳው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ከብረቱ ጋር መግጠም ያቆማል፣ አየሩ በጎኑ ያልፋል። የብረቱን ቤት በቤንዚን ወይም በላምባ እጠቡት፣ ቆዳውን ግን ከቤንዚን አርቁ፣ የቀረውን ወዙን ይጨርሰዋል። ለኮርቻና ለጫማ የሚሆን የቆዳ ዘይት ቀቡትና አሳድሩት። በማግስቱ በጣታችሁ እሹት፣ እንደገና ቀቡት። አንዳንድ ሰው ቅቤ ይቀባል፣ ለቆዳ የለመድነው እሱ ስለሆነ። እዚህ ላይ አይሆንም፣ በደሴ ብርድ ይረጋል፣ ክንፉን ይይዘዋል። ግሪስም እንደዚሁ። ለዘንጉ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ቆዳው ተቀዶ ከሆነም አትደንግጡ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፣ ስስና ልስልስ ቆዳ እዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። የድሮውን እንደ ናሙና ዘርግታችሁ በእሱ ልክ ቁረጡ። ወፍራም አታድርጉት፤ ወፍራም ቆዳ አየር ይይዝ ይሆናል፣ ግን ሰበቃው ክንፉን ያስቆመዋል፣ ከዚያ ትርፉ ምን ሆነ? ክዳኑ ሥር ያለው ጓርኒሲዮንም (አየር እንዳያልፍ የሚገባው ስስ ንጣፍ) ከተሰነጠቀ አዲስ ይቆረጥለት።

ጎማው ላይ አትቆጥቡ። ወፍራም ግድግዳ ያለው የቤንዚን ጎማ ጥሩ ይሠራል። ስስ ፕላስቲክ ቱቦ አትግጠሙ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቫኪዩሙ ራሱን ቱቦውን ጨምቆ ይዘጋዋል፣ ከዚያ መጥረጊያው ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት ይቆማል፣ እናንተም ምክንያቱን ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። መጋጠሚያዎቹን በፋሼታ፣ በሚጠብቀው የብረት ማሰሪያ፣ እሰሩ። የጂፕ የፊት መስታወት ወደ ፊት የሚታጠፍ ስለሆነ ማጠፊያው ጋ ትንሽ ትርፍ ርዝመት ተዉ፣ አለዚያ አንድ ቀን አጥፋችሁ ስታነሱት ጎማው ተነቅሎ ይገኛል። የሚያፈስ ጎማ ደግሞ መጥረጊያውን ብቻ አይጎዳም። ከካርቡራቶሩ በታች ያልተፈለገ አየር ስለሚገባ የአየርና የቤንዚኑ ቅልቅል ይሳሳል፣ ሚኒሞው ይረበሻል። ጎማውን የመኪናው ሞተር አጠገብ በፒንሳ ቆንጥጡት፤ ሚኒሞው ወዲያው ከተስተካከለ ፍሳሹ ከዚያ ወዲያ ነው።

የሲጄ-5 ባለቤቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤፍ-134 የሚባለው 2.2 ሊትር ሞተር ለብቻው የቆመ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ (ቧንቧ) የለውም፣ ካርቡራቶሩ ቴስታታው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል። ከሌላ መኪና የለመዳችሁትን ማኒፎልድ ስትፈልጉ አትድከሙ።

አሁን ወደ ዋናው መፍትሔ። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ዳገት ላይ መቆሙን ያውቁ ነበር። ስለዚህ የነዳጅ ፓምፑን ባለ ሁለት ክፍል አደረጉት። አንዱ ክፍል ቤንዚን ያመጣል። ሌላው ክፍል የራሱ ዲያፍራም (የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) አለው፣ ሥራው ለመጥረጊያው ቫኪዩም መሳብ ብቻ ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይስባል፣ ነዳጅ ረገጣችሁ አልረገጣችሁ ግድ የለውም። ዳገት ላይ የሞተሩ ቫኪዩም ሲጠፋ መጥረጊያውን ተሸክሞ የሚያወጣው ይህ ነው።

ችግሩ ፓምፑ ሲበላሽ ሰው የሚተካው ባለ አንድ ክፍል በሆነው ነው፣ እሱ በቀላሉ ስለሚገኝ። መኪናው ይነሳል፣ ቤንዚን ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ክረምት ሲመጣ መጥረጊያው ይሰደባል። የእኔም ጂፕ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ፓምፓችሁን እዩት። ከቤንዚን መስመሮቹ ሌላ ሁለት የአየር መግቢያና መውጫ ከሌለው የእናንተ መጥረጊያ ዶሮ መዝለያን ብቻውን ነው የሚወጣው። ባለ ሁለቱን ፈልጉ፣ የማደሻ ዲያፍራሙም ለብቻው ይሸጣል። ስትገጥሙ ከመጥረጊያው የሚመጣው ጎማ ወደ ፓምፑ መግቢያ፣ ከፓምፑ መውጫ ደግሞ ወደ መኪናው ሞተር። ከተገለበጠ አይሠራም፣ ውስጡ ያሉት ቫልቮች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ናቸው።

ስለ ፓምፑ አንድ በጣም የምወደው እውቀት አለ፣ ገንዘብ ያድናል። የቫኪዩሙ ክፍል ዲያፍራም ከተቀደደ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ተስቦ ወደ ሲሊንደር ይገባል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል። ማንም ያየ ሰው «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» ይላችኋል። ሞተር ከመውረዱ በፊት ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ንቀሉና ውስጡን እዩ። ዘይት ካረጠበው፣ ሞተሩ ጋ ያለውን ቀዳዳ በደንብ ዝጉና ጥቂት ቀን ንዱት። ጭሱ ከጠፋ የሚያስፈልጋችሁ ዲያፍራም ብቻ ነው።

ባለ ሁለቱን ፓምፕ ያጣ ሰው ቫኪዩም የሚያጠራቅም ታንከር መጨመር ይችላል። ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ የማያፈስ ጠንካራ ብረት ይሁን፣ ስስ ቆርቆሮ አየሩ ይጨፈልቀዋል። ከሞተሩ ወደ ታንከሩ በሚሄደው መስመር ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ። ይህን ቫልቭ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ የብሬክ ሰርቮ (ፍሬን መርገጡን የሚያቀልለው ዕቃ) ጎማ ላይ ያለው ያው ነው፣ ለቶዮታ የሚሸጠውን ግዙ። እግራችሁን ስታነሱ ታንከሩ ባዶ ይሆናል፣ ስትረግጡ ቫልቩ ይዘጋል፣ መጥረጊያው ከታንከሩ ይበላል። ግን በልኩ ጠብቁ። ታንከር ተሳቢ ለመቅደም ለምትረግጡባት አጭር ጊዜ ነው። ዶሮ መዝለያን ሙሉ ዳገት አያወጣችሁም፣ ያልቃል። እኔ ፓምፑንም ታንከሩንም አድርጌአለሁ፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፓምፑን እመርጣለሁ።

የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ ናፍጣ የገባለት ጂፕ ያላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቢራቢሮ የለውም፣ ጣት የሌለው ስሪንጅ ነው። ከአየር ማስገቢያው ቫኪዩም አትፈልጉ። ነገር ግን ብዙ የቶዮታና የኢሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ለብሬክ ሰርቮ ብለው ዳይናሞው ጀርባ ላይ የቫኪዩም ፓምፕ አላቸው። ከሰርቮው መስመር በቫልቭ ለይታችሁ ለመጥረጊያው ብትወስዱ ዳገት ቁልቁለት ሳይል ይሠራል። ብሬኩ ይቀድማል ግን። መጥረጊያው ቢያፈስ እንኳ ሰርቮው ውስጥ ያለው ቫኪዩም እንዳያመልጥ የሰርቮው የራሱ ቫልቭ በቦታው ይቆይ፣ የመጥረጊያውን ቅርንጫፍ በፓምፑና በዚያ ቫልቭ መካከል አውጡ፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱም ብሬኩን በሜዳ ሞክሩ።

መጨረሻ ላይ ክንዱና ላስቲኩ። መጀመሪያ የመጥረጊያውን ሞተር ያለ ክንድ አሠሩት፣ ሲጠፋ የት እንደሚቆም እዩ፣ ከዚያ ክንዱን በዚያው ልክ ግጠሙ። የጂፕ መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ አጭርና ቀጥ ያለ ላስቲክ ነው የሚፈልገው። የአሁን መኪና ረጅም ላስቲክና ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ክንድ ለዚህ ሞተር ሸክም ነው። መስታወቱን ሳታረጥቡ አትሞክሩት።

መንገድ ላይም የምታደርጉት አለ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እያፈናችሁት ነዳጅ እስከ ወለሉ ከምትረግጡ ወደ ሁለተኛ አውርዱ። ሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል፣ ፔዳሉን ብዙ ሳትረግጡ ያንኑ ጉልበት ይሰጣል፣ ቢራቢሮዋ ግማሽ ትዘጋለች፣ ቫኪዩም ይተርፋል። ፓምፑም ፈጥኖ ይመታል። እኔ አሁን ዶሮ መዝለያን በዝናብ ስወጣ መጥረጊያው ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ተነስቷል፣ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፣ ቫኪዩሙ ከፍ ይላል፣ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥርም አየሩ ይከብዳል። መጥረጊያው ያብዳል፣ ግራና ቀኝ ፍሬሙን ይደበድባል። ያኔ ማብሪያውን ትንሽ መለስ አድርጉት። እሱ የአየር ቧንቧ ነው፣ ስትዘጉት ይቀንሳል።